ሃይላንድ ይዞ ጥግ ላይ የቆመው ልጅ ምን አጠፋ? (የጎንደር ክር፣ 31 መልስ)

ሰላም ቤተሰብ፣ እንደምን ዋላችሁ። ይሄን ክር የከፈትኩት ከትናንት ወዲያ ማታ መብራት ሄዶ ሥራ ፈትቼ ቁጭ ባልኩበት ነው፣ ዛሬ ሳየው 31 መልስ ደርሷል። ሁሉን ወደ ላይ እየሳበ ማንበብ ለሚሰለቸው ሰው በቁጥር በቁጥር ልንገራችሁ ብዬ ነው። የሰው ቃል እንዳለ አልገለብጥም፣ የገባኝን ነው የምጽፈው፣ አጣመምክብኝ የሚል ካለ እዛው ያርመኝ።

መጀመሪያ እኔ ያልኩት። ፒያሳ አካባቢ አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ፣ አንድ ባጃጅ ደሞ ለአንድ ልጅ ሰጥቼ በቀን ሂሳብ አሠራለሁ። ልጁ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ ማደያ ይሰለፋል፣ ጋቢ ተከናንቦ ባጃጁ ውስጥ ያድራል ማለት ይቀላል፣ ሦስት ሰዓት ሲሆን አልቋል ይባልና ባዶውን ይመለሳል። ከማደያው ትንሽ ፈቀቅ ብሎ አጥር ጥግ አንድ ጎረምሳ አለ፣ ሁለት ሃይላንድ ቤንዚን ድንጋይ ላይ ለምልክት ያስቀምጣል፣ ሌላው ከኋላው ማዳበሪያ ለብሶ ነው። ሃይላንዱ ፀሐይ መትቶት ሆዱ ተነፍቷል፣ ክዳኑን ሲከፍተው ጢሽ ይላል፣ የሌላ ሃይላንድ አንገት ቆርጦ ዘቅዝቆ በሱ ያንቆረቁርልሃል፣ አንድ ጠብታ መሬት አይነካም። ዋጋው የማደያው እጥፍ። ሹፌሬ ከፍሎ ሥራውን ይሄዳል። ባለፈው ታዲያ ያንን ጎረምሳ ይዘው ሲወስዱት ሰው ቆሞ እሰይ ሲል አየሁ፣ እሰይ ከሚሉት ውስጥ ጠዋት ከሱ የገዙ አሉ።

እና ጥያቄዬ፣ ይሄ ልጅ ምን አጠፋ ነው። እኔ እንደሚገባኝ ክላሲካል ሊበራል የሚባሉት ሰዎች ነገር ባጭሩ፣ ሰው ማንንም እስካላስገደደና እስካላታለለ ድረስ ጉልበቱንም ንብረቱንም በተስማማበት ዋጋ ይለውጥ፣ መንግሥት ዳኛ ይሁን እንጂ ነጋዴ አይሁን ነው። ልጁ አላስገደደኝም፣ አላታለለኝም። ሰልፉን የፈጠረው ዋጋውን ወረቀት ላይ የጻፈው ሰው ነው፣ ልጁ ከሰልፉ ነው ያወጣን። ይሄን ብዬ ስልኬን ዘግቼ ተኛሁ።

1. የመጀመሪያው በጣም ጨዋ ሰው ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ነው የጀመረው፣ አስተማሪ ሳይሆን አይቀርም። ዋጋ ማለት ወሬ ነው ባይ ነው። የሆነ አገር የቆርቆሮ ማዕድን ቢደረመስ ወይ ቆርቆሮ የሚፈልግ አዲስ ፋብሪካ ቢከፈት፣ ቆርቆሮ የሚጠቀመው ሰው ከሁለቱ የቱ እንደሆነ ማወቅ አያስፈልገውም፣ ዋጋው ሲጨምር አይቶ ቆጠብ ይላል፣ ማንም ስብሰባ ሳይጠራው። ቤንዚንም እንደዛው ነው፣ ዋጋው ሲታፈን ወሬው አይደርስም፣ ወሬው ሳይደርስ ሲቀር በዋጋ ፈንታ ሰልፍ ይመጣል። ይሄን ያስተማረን የኢኮኖሚ ትምህርት አባት የሚባለው አዳም ስሚዝ ነው ብሎ ጨረሰ። እዚህ ጋ ነው የሳተው፣ 4 ይመጣበታል።

2 ሹፌር ነው፣ እውነት ነው አለና ስቲከር ለጥፎ ሄደ።

3 ግን ነገሩን አከረረው። የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ ይላል። ደመወዜ ራሱ በወረቀት የተጻፈ ዋጋ ነው፣ ዋጋ ይለቀቅ ስትሉ የኔንም አብራችሁ ልቀቁልኝ ነው የሚለው። ደሞ ያ ጎረምሳ ቤንዚኑን ከጓሮው አልቀዳውም፣ ሌሊት በጀሪካን በማደያው ጀርባ የወጣ ነው፣ ስለዚህ የሸጠልህ ሰልፍ ላይ ያደረውን የራስህን ሹፌር ድርሻ ነው አለኝ። እውነቱን ለመናገር ይቺ አመመችኝ፣ ምክንያቱም ስለ ጀሪካኑ አላሰብኩም ነበር፣ ወይም አስቤ ትቼዋለሁ።

4 አራሚው ነው፣ እያንዳንዱ ክር ላይ አንድ አይጠፋም። የቆርቆሮው ምሳሌ የስሚዝ ሳይሆን የፍሬድሪክ ሃይክ ነው፣ በፈረንጅ 1945 በጻፈው ጽሑፍ ላይ ያለ፣ በ1974 የኢኮኖሚክስ ኖቤልን ከጉናር ሚርዳል ጋር የተካፈለው ሰውዬ። ስሚዝ በ1776 ባወጣው ትልቁ መጽሐፉ ላይ የማይታየውን እጅ (ሰው ለራሱ ጥቅም ሲሮጥ ሳያስበው ሌላውንም ይጠቅማል የሚለውን) ያነሳው አንዴ ብቻ ነው፣ ሰው ግን ከዛች አንዴ ውጪ ምንም ያላነበበ ይመስላል ብሎ ሸነቆጠን። ከዛ ጥሩ ነገር ጨመረ፣ ስሚዝ የነጋዴ ወዳጅ አልነበረም፣ አንድ ሙያ ላይ ያሉ ሰዎች ለጨዋታ እንኳ ሲገናኙ መጨረሻቸው ሕዝብ ላይ መመካከርና ዋጋ ማስወደድ ነው ብሎ ያስጠነቀቀ ሰው ነው። እና አራሚው ጠየቀኝ፣ የባጃጅ ማህበራችሁ ስብሰባስ ምን ምን ታወሩበታላችሁ? ባለ ባጃጅ ነኝና ዝም አልኩ።

እኔ ዝም ብልም ሰው ዝም አላለም፣ ከ5 እስከ 7 ያለው ሁሉ ስለ ባጃጅ ሆነ። 5 ላይ አንዷ ተማሪ ከማራኪ ፒያሳ ለመምጣት ባጃጅ ባዶውን ቆሞ እያየች ተራው አይደለም ተብላ የሌላው እስኪሞላ መጠበቋን ጻፈች፣ ዝናብ ላይ። ተራ አስከባሪ የሚባለው ሰው ምን ያመርታል፣ ለምንስ ለእያንዳንዱ ጭነት ይከፈለዋል ነው ጥያቄዋ። 6 ራሱ ተራ አስከባሪ ነበርኩ ባይ ነው፣ በጣም በትህትና ነው የመለሰላት፣ እህቴ እያለ። እኛ ሳንኖር ሹፌሮች በቡጢ ይፈናከቱ ነበር፣ የተሳፋሪ ቦርሳ አንዱ ከዚህ አንዱ ከዚያ ይጎትት ነበር፣ ሥርዓት ራሱ እቃ ነው፣ ሰው የሚገዛው። 7 ደሞ መጣና ሥርዓት እቃ ከሆነ አልገዛም ማለት መቻል አለብኝ፣ አልገዛም ስል ጎማዬን የሚያስተነፍስ ሰው ነጋዴ አይባልም አለ። እዚህ ጋ 6 ተመልሶ አልመጣም። እኔ ግን የ6 ነገር እስካሁን አእምሮዬ ውስጥ አለ፣ ምክንያቱም የቦርሳ መጎተቱን ዘመን አስታውሳለሁ፣ አንድ ቀን የእናቴን ነጠላ ቀደውባት ነበር።

8 ስለ ቃሉ ነው። ሊበራል ስትሉ የትኛውን ነው ይላል፣ አሜሪካ ሊበራል ማለት መንግሥት ይግባበት የሚለው ወገን ነው፣ የጥንቶቹ ደግሞ ተቃራኒው ናቸው፣ እኛ አገር በኢሕአዴግ ጊዜ ኒዮ ሊበራል ማለት ስድብ ነበር፣ መለስ ዜናዊ ልማታዊ መንግሥት ሲል ከዛ ጋር እያጋጨ ነበር፣ አሁን ደሞ መንደር ውስጥ ሊበራል ማለት ልጁን የማይቆጣ አባት ማለት ሆኗል። ሳቅኩ፣ ላይክ አደረግኩ፣ አለፍኩ።

9 ላይ አንድ ጋሼ መጡ። ፊደሉን በጣታቸው እየፈለጉ እንደጻፉት ያስታውቃል፣ አራት ነጥብ የለ ምን የለ፣ ግን ለኔ የክሩ ምርጥ መልስ የሳቸው ነው። በደርግ ጊዜ ገበሬው ኮታ ነበረበት፣ እህሉን መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ያስረክባል፣ ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር እህል ልውሰድ ካልክ ኬላ ላይ ትፈተሻለህ። ጎጃም ጤፍ ረክሶ ጎንደር ይወደዳል፣ መሃላቸው ግን ያለው አንድ የአባይ ድልድይ ነው። እሳቸውና ባለቤታቸው ዘመድ ሊጠይቁ ጎጃም ወርደው ሲመለሱ፣ ሴትዮዋ ሁለት ቁና ጤፍ በአንቀልባ አዝላ በነጠላ ሸፍና ሕፃን አስመስላ ነው ያሳለፈችው። ፈታሹ ጀርባዋን ነካ አድርጎ ልጁ አያለቅስም ወይ ቢላት ጠግቦ ነው አለችው፣ እኔ እግሬ ተንቀጥቅጦ መራመድ አቃተኝ ይላሉ። 1982 ላይ ቅይጥ ኢኮኖሚ ተብሎ ኮታው ሲነሳ ማንም ሳያዘው ጤፉ በራሱ እግር መጣ። ያ ጤፍ ያዘለች ሴት ሌባ ከነበረች ያንተም ጎረምሳ ሌባ ይሁን አሉኝ። ግን ወዲያው ደሞ የቀበሌ ሱቅ ስኳርና ሳሙና ናፍቆኛል፣ ለሁሉም እኩል ነበር ብለው ጨረሱ። ሁለቱን እንዴት እንደሚያስታርቋቸው አልነገሩንም፣ ማንም ደፍሮ አልጠየቃቸውም፣ 10 ዕድሜ ይስጥልን ጋሼ ብሎ ብቻ አለፈ።

11 መንገደኛ ነው፣ እቃ ጫኝ። ስለ ማደያ ታወራላችሁ፣ ነዳጁ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ እስኪደርስ ያለውን ማን ያውራ ነው ነገሩ። መንገዱ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ በየቦታው ገመድ የዘረጋ ሁሉ ኮቴ ይቀበላል፣ ሹፌር ነፍሱን አስይዞ ነው መሪ የሚይዘው። ስሚዝህ መንግሥት ሦስት ሥራ አለው ያለው አይደል፣ አገር መጠበቅ፣ ዳኝነት፣ ከዛ መንገድና ድልድይን የመሰለ ማንም ለብቻው የማይሠራው ነገር፣ እኛ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሳንይዝ ስለ ዋጋ ነፃነት እንከራከራለን አለ። ስድብ የለበትም፣ ቁጣ ግን አለበት። ከዚህ በኋላ ለትንሽ ሰዓት ክሩ ላይ ማንም አልጻፈም።

12 ኮቴን ይዞ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን አመጣ። ድሬዳዋ ጉምሩክ ላይ የሠራ ሰው፣ በ1911 ገና በወጣትነቱ የሞተ፣ ስለ መንግሥትና ስለ ሕዝብ አስተዳደር የጻፈው መጽሐፍ ከሞተ በኋላ በ1916 የታተመለት፣ የኛ አዳም ስሚዝ እሱ ነው አለ። 13 ግን ቀስ በል አለው። ገብረ ሕይወት የሕግ መንግሥት ይኑር፣ ሥራ ይከበር፣ የዘረፋ ኑሮ ይቅር ያለ ሰው ነው፣ እስከዚህ ትክክል፣ ግን እውቀት ያለው ሕዝብና እውቀት የሌለው ሕዝብ ሲነግዱ የሚያተርፈው ባለ እውቀቱ ነው ያለም እሱ ነው፣ የገዛ አገሩን ሥራ መጠበቅ የሚፈልግ ሰው እንጂ በሩን ብርግድ አድርጉት የሚል አይደለም። ይሄን የመሰለ እርማት ደስ ይለኛል፣ ሰውየውንም ክርክሩንም አላዋረደም። ባለ 12ም አመሰገነው።

ምስጋናው ብዙ አልቆየም። 14 ላይ አንዱ የእንፍራዝ ልጅ ነኝ ብሎ ገባ። ለምን ፈረንጅ ትቆጥራላችሁ፣ በባህር ዳር መንገድ እዚሁ እንፍራዝ ተቀምጦ ፈላስፋው ዘርዐ ያዕቆብ በፈረንጅ 1667 ሐተታውን ጽፏል፣ ሰው ሁሉ በፈጣሪ ፊት እኩል ነው፣ እውነቱን በልቦናው መርምሮ ያግኘው፣ ሚስትና ባል በጋብቻ እኩል ናቸው፣ ሰውን እንደ እንስሳ መሸጥ ክፉ ነው ብሏል፣ የሊበራሎቹ አባት የሚባለው እንግሊዛዊ ጆን ሎክ ገና መጽሐፉን ሳያሳትም። ከዛ አንድ ነገር ጨመረ፣ እኔ አላውቀውም ነበር፣ አገላብጬ አየሁት ልክ ነው፣ ሎክ የተወለደው በፈረንጅ 1632 ነው፣ ዓፄ ፋሲልም የነገሠው በዛው ዓመት። በየቀኑ በግቢው አጥር ሥር ስሄድ ከእንግዲህ ይሄን ሳላስብ አልሄድም።

15 ግን እንደ መርፌ ነው የገባው። ሐተታው የዘርዐ ያዕቆብ አይደለም፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚባል የካቶሊክ መነኩሴ ነው የጻፈው፣ ጣልያናዊው ምሁር ኮንቲ ሮሲኒ በፈረንጅ 1920 ገልጦታል፣ እናንተ ግን በተረት ትኮራላችሁ አለ። 14 ተመልሶ (16 እሱ ነው) ክላውድ ሰምነር የሚባል ምሁር ዕድሜ ልኩን አጥንቶ የኢትዮጵያዊ ነው እንዳለ ነገረው፣ ያ ጥሩ ነበር፣ እዛ ላይ ቢያበቃ ኖሮ። አልበቃውም፣ ሰውየውን የፈረንጅ ትርፍራፊ ለቃሚ አደረገው። 17 እናት ያለበት ስድብ ስለነበር አድሚኑ አጥፍቶታል፣ ቁጥሩ ብቻ ቀርቷል። ስለ ነፃ ሐሳብ እየተከራከሩ የሐሳብ ባለቤት ማነው በሚል ተሰዳደቡ፣ ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ ምሁራኑንም የሚያከራክር ነው፣ ሁለታችሁም ብቻችሁን አይደላችሁም።

አድሚኑ ወደ ርዕሳችሁ ተመለሱ ብሎ ሲቆጣ 18 ተመለስን አለና ይባስ መሬት ላይ ጣለን። ሎክ ሰው ጉልበቱን ያዋለበት መሬት የሱ ነው ይላል፣ ለሌላው በቂና እንደዛው ጥሩ የሆነ እስከተረፈ ድረስ። እኛ ጋ ደርግ በ1967 የገጠሩን መሬት ወሰደ፣ በዛው ዓመት ሐምሌ ላይ የከተማውን ቦታና ትርፍ ቤት፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ደሞ መሬት አይሸጥም አይለወጥም ብሎ አጸናው። ታዲያ መሬቱ የኔ ካልሆነ ምን ይዤ ነው ነፃ የምባለው፣ ዋጋ የሚባል ወሬ መሬት ላይ እንዳይነገር ነው የተከለከለው አለ። ከዛ አባቶቻችን ርስት ነበራቸው፣ በሚስትና በርስት ቀልድ የለም ይሉ ነበር፣ ሎክን ሳያነቡ ብሎ ልቡ ሞቀ።

19 የመለሰችለት ሴት ናት፣ ታሪክ የተማረች ይመስለኛል፣ ክሩ ላይ እንደሷ ስለታም የለም። የጎንደር ርስት የሎክ ንብረት አልነበረም አለች። በእናትም በአባትም ከአቅኚው አባት ዘር ቆጥረህ የምትጠይቀው ድርሻ ነው፣ ለባዳ ሸጠህ የምትሄደው አይደለም፣ ደሞ በየትውልዱ ሲከፋፈል በየዳኛው ደጅ ስንት ሰው አርጅቷል። ዘር መቁጠር ያልተፈቀደለትስ? ቤተ እስራኤል ርስት ተነፍገው ነው ሸክላና ብረት ላይ የቀሩት፣ ወለቃ መንገድ ዳር የምትገዙት የሸክላ ሥራ ከየት የመጣ ይመስላችኋል፣ ከዛ ሸክላ ሠሪውን ቡዳ አላችሁት። እስላሞቹም በፈረንጅ 1668 ጎንደር ላይ በተደረገ ጉባኤ ለብቻ ሠፈር ይኑሩ ተብለው አዲስ ዓለም ወረዱ፣ ርስት ስለሌላቸው ነገዱ፣ ይሄን ከተማ ያበላው የነሱ ቅፍለት ነው። የአባቶቻችን ነፃነት ማለት የነማን አባቶች እንደሆነ አስቀድማችሁ ንገሩን ብላ ዘጋች። 20 አያቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው፣ ሌላ ምንም አልጻፈም፣ ብዙ ላይክ ያገኘው ግን እሱ ነው።

21 አዘዞ የሚኖሩ እናት ናቸው፣ መልሱን ያስጻፉት በልጅ እጅ መሰለኝ። ሴት ልጃቸውን ሌሊት ምጥ ያዛት፣ አንድ ባጃጅ ተገኘ፣ የሃይላንድ ነው የያዝኩት ብሎ የቀኑን አምስት እጥፍ ጠየቀ፣ ጎረቤት ተዋጥቶ ተከፈለ። በሰላም ተገላግላለች፣ ወንድ ልጅ። እና 1 ላይ ያለውን አስተማሪ ነው የጠየቁት፣ ዋጋ ወሬ ነው ብለሃል ልጄ፣ ወሬውማ ይደርሰኛል፣ መልስ መስጫው ነው የሌለኝ። እኔ ይሄን ሱቅ ላይ ቆሜ ሳነብ ደንበኛ የሰጠኝን መታወቂያ ሁለት ጊዜ ባዶ ወረቀት ላይ አውጥቼዋለሁ።

22 አስተማሪው ነው፣ እናቴ ብሎ ጀመረ። አንዲት ነገር ልጨምር፣ ታሪፉ ርካሽ ሆኖ ቤንዚኑ ባይኖር ያ ባጃጅ ራሱ አይገኝም ነበር፣ ርካሽ የሆነው ወረቀቱ ላይ ነው። የተቸገረን ሰው መርዳት ከፈለግን ለሰውየው እንስጥ እንጂ ዋጋውን አናጣመው፣ ሃይክ ራሱ ማንም ከሱ በታች የማይወርድበት ወለል መንግሥት ቢያነጥፍ አልተቃወመም፣ እኛም 2014 ላይ የነዳጅ ድጎማው ለሁሉም መሆኑ ቀርቶ ለሕዝብ ትራንስፖርት ይለይ ሲባል ሐሳቡ ወደዛ ነበር። 23 (ያ የመንግሥት ሠራተኛው) ወለሉ ሳይነጠፍ ጣራውን ታነሱታላችሁ፣ ዝናቡ ግን ዛሬ ነው አለው። ሁለቱም ልክ ናቸው ልል ፈልጌ ፈሪ ያሰኘኛል ብዬ ተውኩት። አንዱን ምረጥ ብትሉኝ አስተማሪውን ነው የምመርጠው፣ ግን የአዘዞዋን እናት ፊት ለፊት እያየሁ አልለውም።

24 ጎረቤት ተዋጥቶ የሚለውን ይዞ ስለ እድር ሄደ። ተመልከቱ፣ ያለ መንግሥት ያለ በጀት ሰው የሚተጋገዝበት ነው፣ ንፁህ ነፃነት ማለት እድር ነው። 25 ደሞ የትኛው እድር ነው አለ፣ የኔ ለቅሶ ላይ በቀረሁ ቁጥር ይቀጣኛል፣ ልውጣ ብል ሬሳዬን ማን ያነሳል። በፈረንጅ 1859 እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል የጎረቤት አፍ ከመንግሥት ዱላ ይከፋል ያለው እንደኔ ሠፈር ሰው ባለበት ነው ብሎ አሳቀን። ቃል በቃል እንደዛ አላለም፣ የኅብረተሰብ ጫና ነፍስ ድረስ ዘልቆ ይገባል ነው ያለው፣ ግን ያስኬዳል።

26 መብራት ጠፋብኝ፣ ሻማ ተወደደ አለ። ከርዕስ ወጣ ልል ስል፣ ባስቲያ የሚባል ፈረንሳዊ ሻማ ሠሪዎች ፀሐይ ተወዳደረችን፣ መስኮት ይዘጋልን ብለው ለመንግሥት ሲያመለክቱ የሚያሳይ ቀልድ ጽፎ እንደነበር አነሳና ጎንደር ላይ ሻማ ሠሪ ማመልከቻ አያስፈልገውም አለ። 27 ነጋዴ ነው፣ የኔን ወረቀት የሚያመጣ ዓይነት ሰው። ዶላሩም ሃይላንድ ውስጥ ነበር ይላል፣ ባንክ 57 ብር ምናምን ተብሎ ይጻፋል ግን አይገኝም፣ ጥግ ላይ በእጥፍ ይገኛል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ተለቀቀና ሳይቆይ ከ100 አለፈ። አሁን ቢያንስ ሂሳቤን በእውነተኛ ዋጋ ነው የምሠራው፣ ግን ደንበኛዬ ግማሽ ሆኗል፣ ጥቁር ገበያውም ጨርሶ አልጠፋም። ምስክር ሁን ብትሉኝ ለሁለቱም ወገን እመሰክራለሁ አለ። ለኔ ወረቀት ባለፈው ዓመት ስንት እንደነበረና አሁን ስንት እንደሆነ ስለማውቅ አልተከራከርኩትም።

28 ላይ ነው እንግዲህ ነገሩ የተገለበጠው። ሃይላንድ የሚሸጥ ልጅ ነኝ የሚል መጣ፣ የኔው ይሁን ሌላ አላውቅም፣ ጎንደር ላይ አንድ ብቻ አይደለም። ክሩን ያነበበው ሰልፍ ላይ ሆኖ ነው፣ እሱም ይሰለፋልና። ሰው እንደሚያስበው ትርፉ የሱ ብቻ አይደለም፣ ቀጂው አለ፣ ጀሪካን ሲወጣ አይቶ እንዳላየ የሚያልፈው አለ፣ ዕቃው ከተያዘ ደሞ የሄደው ሁሉ ከሱ ኪስ ነው፣ ለሊት ቤት ውስጥ አስቀምጦ እናቱ እሳት እንዳይነሳ ስትል እንቅልፍ የላትም። እስከዚህ አዘንኩለት። ከዛ ግን ለኔ ለራሴ መልስ ሰጠኝ፣ ዋጋው ይለቀቅ እያልክ ነው አሉ ወንድሜ፣ እባክህን ተው። በየማደያው ቤንዚን ከሞላ እኔን ማን ይፈልገኛል፣ ወደ ሊስትሮ ሳጥኔ ነው የምመለሰው፣ ዋጋውም ሰልፉም እንዳለ ይቆይልኝ ነው የሚለው።

እኔ ጠበቃ ቆሜለት ደንበኛዬ ፍርዱ ይጽናብኝ አለ። 29 (አራሚው ነው፣ ከየት እንደሚመጣ አላውቅም) በጣም ደስ ብሎት ነበር፣ ስሚዝን እንደገና አስታወሰኝ፣ ነጋዴ ነፃ ገበያን ይወዳል ያለህ ማነው፣ ልጁ ነጋዴ ነው፣ ነፃ ገበያን መውደድ ያለበት ገዢው ነው፣ ገዢው ደሞ አንተ ነህ፣ እሰይ ይሉ ከነበሩት ጋር አብረህ ቆመሃል ማለት ነው አለኝ። መልስ ልጽፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ አጠፋሁት።

30 ሹፌሬ ነው፣ በፎቶው አወቅኩት፣ እሱ እንደማውቅ አያውቅም። ነገሩን ከላይ ያነበበ አይመስልም፣ ባለ ሃይላንዱን ብቻ ነው ያናገረው፣ ዛሬ ሊትሩ ስንት ነው፣ የት ጋ ቆመሃል ብሎ።

31 ልጁ መለሰ፣ ዋጋ በኢንቦክስ።